የዐጣርድ ጭራ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፋይሎቹ ጠፍተዋል። እስከ መጨረሻው ተስፋ እያስያዘ ወስዶ ጉድ የሚሠራ ተራኪ አልወድም፤ ስለዚህ እኔም እንደዚያ አላደርጋችሁም። የአራት ዓመት ልፋት፣ መቶ ሰማንያ ፋይል፣ አንዱም አልተረፈም። የምነግራችሁ እንዴት እንደጠፋና ለማን ምን ብዬ እንደዋሸሁ ነው።

ምሥራቅ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከማስተማሩ ጎን ሦስተኛ ዲግሪዬን እሠራለሁ። የማጠናው ሜርኩሪን ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ለፀሐይ የቀረበችውን ፕላኔት። ይህን ስናገር የሚከተለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ቤት አከራዬም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የቀበሌው ጸሐፊም ጠይቀውኛል፦ «ለመሆኑ ለጎጃም ገበሬ ምን ይፈይድለታል?» ምንም አይፈይድለትም። የሚፈይድ ነገር ብቻ ይሠራ ከተባለ ግማሹ አገር ሥራ ፈት ነው። ተዉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜርኩሪ እንደ ምድራችን የማግኔት ኃይል አላት። ከፀሐይ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚነፍስ ነፋስ አለ፤ ተራ ነፋስ ሳይሆን ፕላዝማ የምንለው፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ጋዝ። ይህ ነፋስ የሜርኩሪን የማግኔት መስመሮች ከጀርባዋ እየጎተተ ረጅም ጭራ ያበጅላታል። የጭራው የላይኛው ወገን መስመሮች ወደ ፀሐይ ያመለክታሉ፤ የታችኞቹ ተቃራኒውን። ነፋሱ ሲበረታ ሁለቱ ወገኖች ይጣበቃሉ፤ መሐል ላይ ይበጠሱና የላይኛው ከታችኛው ጋር ይቀጠላል። በዚያች ቅጽበት ታምቆ የኖረው ጉልበት በሙሉ ይፈታል። እዚያ ሄዶ ቆሞ የሚያይ ስለሌለ እኛ ኮምፒውተር ውስጥ ቢሊዮን ቅንጣቶችን እንለቅና እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ እናሰላለን። የእኔ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ከሜርኩሪ መሬት እየተነሣ ወደ ጭራው የሚገባው ሶዲየም መበጠሱን ያፋጥነዋል ወይስ ያዘገየዋል?

አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ ዲማ ውስጥ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ በዓላትና አጽዋማት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚሰላበትን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ያስተምራሉ። በ2015 ሐምሌ መግቢያ ላይ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ለሕክምና እኔ ዘንድ መጡ። ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ጊዜው ተበላሸና እዚሁ ቀሩ። ግድግዳ እየዳሰሱ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ። ሜርኩሪን በመጽሐፍ ስሟ ዐጣርድ ይሏታል። ስለ ጭራዋ ያጫወትኳቸው ዕለት በጥሞና ሰምተው፣ «ተበጥሶ ይቀጠላል ነው የምትይኝ? ማነው የሚቀጥለው?» አሉኝ።

«ማንም አባ፤ በራሱ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ። በየጉባኤው ብዙ ሰው ተጠራጥሮኛል፤ እንዲህ በጨዋ ደንብ የተጠራጠረኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህን የመሰለ ስሌት በእኔ ላፕቶፕ ብጀምረው የልጅ ልጄም ፍጻሜውን አያይም። አውሮፓ ውስጥ አንድ የታላላቅ ኮምፒውተሮች ማዕከል አለ፤ በውድድር የማሽን ሰዓት ይሰጣል። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ለአንድ ጥናት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ሰዓቱ ካለቀ አለቀ። ስሌቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶ ሐምሌ 27 ቀን ተጠናቀቀ። የዚያን ዕለት ሁለት ሥዕል ብቻ በስልኬ ከፍቼ አየሁ። መስመሮቹ ሶዲየሙ በተከማቸበት በኩል፣ ልክ ይሆናል ባልኩበት ቦታ፣ ተበጥሰው ተቀጥለዋል። ብቻዬን እልል አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተደስቼ አላውቅም።

ሙሉውን ነገ ቢሮ ሄጄ በፈጣኑ መስመር አወርደዋለሁ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ኢንተርኔት የለም። የአንድ ቀን ብልሽት መስሎኝ ነበር። ተኩሱን ስንሰማ ነው የአንድ ቀን እንዳልሆነ የገባኝ።

የማዕከሉ ደንብ ቀላል ነው። ፋይል ዘጠና ቀን ይቀመጣል፤ በእነዚያ ቀናት ባለቤቱ ገብቶ ካልነካው ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ያጠፋዋል። መንካት ማለት መክፈት ማለት ነው፤ አንዲት ትእዛዝ ሁሉንም ትነካለች፤ ሌላ ዘጠና ቀን ይጨመራል። ስሌቱ ሲያልቅ የደረሰኝ ኢሜይል «እስከ ኖቬምበር 1 ይቆያሉ» ይላል። እኔ በፈረንጅ ቀን የምኖር ሰው አይደለሁም፤ ወዲያው ወደ እኛ መለስኩት። መስከረም አንድ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ከዚያ ተነሥቼ ቆጠርኩ፤ ጥቅምት 22 መጣልኝ። በደብተሬ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን አምስት መሆኗ ቀርቶ ስድስት ትሆናለች፤ በዚህ የተነሣ የ2016 መስከረም አንድ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ኖቬምበር 1 ደግሞ ጥቅምት 21 ላይ። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ አንዲት ቀን ናት። ከግድግዳው ወዲያ የተኙት ሰው ይህን በእንቅልፍ ልባቸውም ያውቁታል። ዓይናቸው ቢያይ ኖሮ ደብተሩን አይተው ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ብጠይቃቸው ኖሮ ጣታቸውን ሁለቴ አጥፈው ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። ለምን ብዬ? ቢሊዮን ቅንጣት የማሰላ ሰው ጥቅምትን አስልቱልኝ ይላል? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለእኔ ነው።

ጳጉሜን ስድስት መጥታ ስታልፍ እንኳ አልነቃሁም። ስልኬም የፈረንጁን ቀን በየደቂቃው ያሳየኝ ነበር፤ ደብተሬን አምኜ አላየሁትም። አዲሱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ መንገድ ስለተዘጋ ዓባይን ሳይሻገር ቀረ። ሰበብ እየደረደርኩ ነው፤ አውቃለሁ።

ነሐሴና መስከረም እንዲሁ አለፉ። ስልክም የለም። መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሊወጣ ነው ሲባል ሮጬ ተሳፈርኩ። ዓባይን ብሻገር በቂ ነበር፤ ከማዶ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አምስት ደቂቃ ብቻ። ደጀን ሳንደርስ አስቆሙን፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ዋልን፤ ከዚያ መለሱን። ማንም ምክንያቱን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ማታ አከራዬ ነገሩን ሰምታ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀችብኝ። ልክ ነበረች።

ጥቅምት ሲጋመስ ስልክ አልፎ አልፎ መሥራት ጀመረ፤ ድምፅ ብቻ። ታናሽ ወንድሜ አበባው አዲስ አበባ ውስጥ ጎሚስታ ነው፤ የመኪና ጎማ ይጠግናል። በመጀመሪያ በስሜ ለማዕከሉ እንዲጽፍልኝ አደረግሁ። «ጥያቄው ከራሷ ኢሜይል ካልመጣ አናስተናግድም» አሉት። ኢሜይሌን ከእሱ ስልክ ልክፈት ሲል ኢሜይሉ ሌባ ነህ ብሎ ዘጋበት። አማካሪዬን ጠየቀልኝ፤ «አዝናለሁ፣ እኔ ያንን ማሽን የመክፈት ሥልጣን የለኝም» አለ። ሁሉም ያዝናል። እንደ ኀዘናቸው ብዛት ቢሆን ፋይሎቹ ዛሬም በኖሩ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ማሽኑ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የይለፍ ቃልና በየሠላሳ ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር። ቁጥሩን ስልኬ ያለ ኢንተርኔት ያወጣዋል። ስለዚህ አበባው እዚያ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠና እኔ እዚህ ሆኜ ቁጥሩን በስልክ ካነበብኩለት፣ ለማሽኑ እሱ እኔ ነው። ደንቡ ይህን ይከለክላል። ደንቡ ጎጃም ኖሮ አያውቅም።

ጥቅምት 18 ሱቁን ዘግቶ ከጎረቤቱ ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ ተዋሰ።

«ጥቁሩ መስኮት ተከፈተልህ?»

«ተከፍቷል እታለም። ምንም የለበትም፤ ጉድጓድ ነው።»

«ኤስ፣ ኤስ፣ ኤች ብለህ ጻፍ። ከዚያ ቦታ ዝለል።»

«ወዴት ልዝለል?»

«ረጅሙን ቁልፍ ንካው ማለቴ ነው!»

የይለፍ ቃሉ ላይ ስንደርስ ሌላ ጣጣ መጣ። ሲጻፍ በመስኮቱ ላይ አይታይም፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። አበባው ግን ቁልፉ የተበላሸ መስሎት እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ሦስት ጊዜ ጫነው። ቀጥሎ ቁጥሩ። «ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት» ስል «ዜሮ ቁጥሩ ነው ወይስ ኦ?» ይለኛል፤ እስክመልስለት ሠላሳ ሴኮንዱ አለፈ። ሦስት ጊዜ የሳተን ማሽኑ ለሃያ አራት ሰዓት ይቆልፋል። ተቆለፈ። ጮህኩበት። እሱ ግን «ነገ እጄን በደንብ ታጥቤ እመጣለሁ፤ የጎማው ማስቲሽ እየያዘኝ ነው» አለ። አፈርኩ።

ጥቅምት 19 ቀኑን ሙሉ መስመር አልነበረም። ጥቅምት 20 ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደግመን ሞከርን። የይለፍ ቃሉን አለፈ፤ ቁጥሩ ላይ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አራትን ስድስት ብሎ እየሰማ ሦስቴም ሳተ። እንደገና ተቆለፈ። «ነገ በዚሁ ሰዓት ይከፈታል» አልኩት፤ «ከዚያም ከነገ ወዲያ ሙሉ ቀን አለን።» እንዲህ ነበር ያልኩት፤ ሙሉ ቀን አለን።

ጥቅምት 21 ማርያም ናት። ጠዋት አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምሥሬ፣ ወር ከመንፈቅ ሆነኝ ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ። ሥራ ካልያዘሽ ማርያምን አሳልሚኝ።»

«ሥራ የለኝም አባ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ማሽኑ ተቆልፏል።

እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሰላም ምሕላ ነበረና እንቆይ አሉ። የማያውቋቸው ካህናት «መሪጌታ» ብለው መሐላቸው አስገቧቸው። ወራት ሙሉ ግድግዳ ሲዳስሱ ያየኋቸው ሰውዬ ድምፃቸው ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኑ። ከሴቶች በኩል ቆሜ አየኋቸውና ደስ አለኝ፤ ይህን መካድ አልችልም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። እየተሳቀቅሁ ከሕዝቡ ወጥቼ ዛፍ ሥር አነሣሁት። አበባው ነው። ድምፁ አጠገቤ እንዳለ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሦስት ወር እንዲህ ያለ መስመር አላገኘሁም።

«እታለም፣ ሰዓቱ ደርሷል። ደንበኛ የለኝም፣ ላፕቶፑም እጄ ላይ ነው። እንሞክር?»

ወደ አባቴ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ ከሄድኩ እሳቸውን ማን ይመልሳል? መሄድም አያስፈልገኝም ነበር፤ ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ነው፤ እዚያው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ማንበብ እችል ነበር። ግን በጥድፊያ ሦስቴ ስተን ብናስቆልፈው እስከ ነገ ማታ እንታሰራለን፤ የነገው ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው ብዬ አሰብኩ። ብልኅ መሆኔ ነው።

«ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ተረጋግተን» አልኩት።

«እሺ። ለእኔም ጸልዪልኝ» ብሎ ዘጋ። ገብቼ ጸለይኩ፤ ለእሱም፣ ለፋይሎቹም።

ጥቅምት 22 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ገባን። ቃሉን ሳይሳሳት ጻፈ፤ ቁጥሩን እኔ ሳነብ እሱ እየደገመ አስገባ፤ ሠላሳ ሴኮንድ ሳይሞላ ጮኸ።

«ገባሁ! እታለም፣ ስምሽ አለበት! ብዙ ጽሑፍ ነው፣ ከዚያ ስምሽ!»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ፋይሎቹ ያሉበትን አቃፊ አስከፈትኩት፤ ዝርዝሩን የምታወጣዋን ትእዛዝ በየፊደሉ ነገርኩት።

«ምን አመጣልህ?»

«ቶታል ዜሮ ይላል።»

«ከሥሩስ?»

«ከሥሩ ምንም የለም። ንጹሕ ነው።»

እንደገና አስጻፍኩት። እንደገና ቶታል ዜሮ አለኝ። «ስትገባ ከላይ የነበረውን ጽሑፍ አንብብልኝ» አልኩት። እንግሊዝኛው ስለሚከብደው ፊደል በፊደል ቆጠረልኝ፤ አር፣ ኢ፣ ኤም ሲል ቃሉን አወቅኩት፤ ተወግደዋል ማለት ነው። ቀጠለ፦ መቶ ሰማንያ፤ ኖቬምበር አንድ፤ ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ። ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ቀኑን አየሁ። ኖቬምበር 2። በእነሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው ያጠፋቸው፤ እኛ ከመግባታችን ስድስት ሰዓት ቀድሞ። ጳጉሜን ስድስት ያን ጊዜ ትዝ አለችኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እታለም? አለሽ? ቶታል ዜሮ ማለት ስሕተት የለም ማለት ነው አይደል? ስሕተት ቢኖርማ በቀይ ይጽፍ ነበር።»

አምስት ቀን ሥራውን እየፈታ፣ በማያውቀው ማሽን ፊት እጁን እየታጠበ ተቀምጧል። ምን ልበለው?

«አዎ» አልኩት። «ስሕተት የለም።»

«ተነኩ ማለት ነው?»

«ተነኩ።»

ጮኸ። በሩ ላይ የነበሩትን ሁሉ ጠራ መሰለኝ፤ «እኅቴ ዶክተር ልትሆን ነው፣ እኔ ነኝ የከፈትኩላት!» ሲል ሰማሁት። የማላውቀው ሰው ስልኩን ተቀብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ሌላም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ድምፅ አውጥቼ አላለቀስኩም። አባቴ ግን ዓይናቸው ስለማያይ ጆሯቸው ሌላ ነው። ግድግዳውን እየዳሰሱ እስከ ክፍሌ በር መጡ።

«ጠፋ?»

እሳቸውን ተገኘ ብዬ ማታለል አልቻልኩም። «ጠፋ አባ።»

«መቼ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀን ሲቆጥሩ ለኖሩ ሰው ነው ይህን የምመልሰው። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። «በመስከረም ነው አባ። ገና በመስከረም ጠፍቶ ኖሯል፤ እኛ ዝም ብለን ነው የለፋነው።»

መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ አማተቡ።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ትናንት ስልክሽ ሲጮህ ሰምቼ፣ ወጥተሽ ስትመለሽ ሰምቼ፣ ከሥራዋ አስቀረኋት እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በአንቺ ኀዘን ደስ ብሎኝ አይደለም ልጄ፤ እንኳን በእኔ አልሆነ።»

«ኧረ በእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩና ወደ አልጋቸው መለስኳቸው። ጋቢያቸውን ሳለብሳቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።